ያልታጠበ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ባለቤቱን ያከስራል

ከውጭ የሚገባ የቤት ዕቃ ዋጋ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ መልኩን ለውጧል። በወቅቱ 57 ብር ገደማ የነበረው የአንድ ዶላር ባንክ ተመን በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር በላይ መውጣቱ ይታወሳል። ከዚያ በፊት የልብስ ማጠቢያ ማሽን የገዛ ሰው ዛሬ ያንኑ ማሽን ለመተካት ቢነሳ የሚጠየቀው ገንዘብ በፊት ከከፈለው ጋር የሚወዳደር አይደለም። በመሆኑም በቤቱ ጥግ የቆመው ማሽን ተራ የቤት ዕቃ መሆኑ ቀርቶ ሊጠበቅ የሚገባው ሀብት ሆኗል ማለት ይቻላል።

ይሁን እንጂ ብዙ ባለቤቶች ለመኪናቸው ዘይት የሚቀየርበትን ቀን ሲቆጥሩ፣ ለማሽናቸው ግን አንድም ቀን አስበውለት አያውቁም። ምክንያቱም ግልጽ ነው። «ዘወትር ሳሙናና ውኃ የሚገባበት ዕቃ እንዴት ይቆሽሻል?» የሚል እምነት አለ። እውነታው ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። ማሽኑን የሚያቆሽሸው በዋነኛነት ሳሙናው፣ ውኃውና ከልብሱ የሚወጣው እድፍ ነው። ይህ ቆሻሻ ከዓይን ተሰውሮ ስለሚጠራቀም ባለቤቱ የሚነቃው ልብሱ መሽተት፣ ማሽኑም መንጓጓት ሲጀምር ነው። ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው እንደሚባለው ማለት ነው።

በዚህ ጽሑፍ ቆሻሻው ከየት እንደሚመጣ፣ እንዴት ወደ ገንዘብ ኪሣራ እንደሚለወጥ፣ በምን ያህል ወጪ ሊወገድ እንደሚችልና ያገለገለ ማሽን የሚገዛም ሆነ የሚያሻሽጥ ሰው ምን ማየት እንዳለበት እንመለከታለን።

ቆሻሻው ከየት ይመጣል?

ከፊት የሚከፈት ማሽን ውስጥ ልብሱ የሚገባበት፣ ብዙ ቀዳዳ ያለው የብረት ከበሮ አለ። ይህ ከበሮ ከእርሱ በሚሰፋና ውኃ በሚይዝ ሌላ በርሜል ውስጥ ይሽከረከራል። የባለቤቱ ዓይን የሚያየው የከበሮውን ውስጥ ብቻ ነው፤ እርሱም ዘወትር ያብረቀርቃል። እድፉ የሚጠራቀመው ግን በከበሮው ጀርባና በውጭው በርሜል ግድግዳ መካከል ነው። ከዚህም ሌላ በበሩ ጎማ እጥፋት ውስጥ፣ በሳሙና መሳቢያው ጓዳና በታች ባለው የፍሳሽ ማጣሪያ ይከማቻል።

የመጀመሪያው ምንጭ ከመጠን ያለፈ ሳሙና ነው። በእጅ ማጠብ የለመደ ሰው አረፋ ካላየ ልብሱ የጸዳ አይመስለውም። ከፊት የሚከፈት ማሽን ደግሞ ለአንድ እጥበት በአብዛኛው ከ40 እስከ 60 ሊትር ውኃ ብቻ ይጠቀማል። በዚህ አነስተኛ ውኃ ውስጥ ለእጅ እጥበት የተዘጋጀ አረፋማ ኦሞ በብዛት ሲጨመር አረፋው በልብሱና በከበሮው መካከል እንደ ትራስ ይሆናል። ልብሱ ከፍ ብሎ እየወደቀ መፈተጉ ቀርቶ በአረፋው ላይ ይንሳፈፋል፤ ያልሟሟውም ሳሙና በበርሜሉ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። በመሆኑም በማሸጊያው ላይ «ለአውቶማቲክ ማሽን» የተባለውን ሳሙና መምረጥ የቅንጦት ጉዳይ አይደለም።

ሁለተኛው ቅባት ነው። የሰው ላብና ወዝ፣ የምግብ ዘይት፣ የፀጉር ቅባት ከልብሱ ለቆ በማሽኑ ውስጥ ይቀራል። በአገራችን ቅቤ የተቀባ ሰው የተኛበት የትራስ ልብስ ወይም የተከናነበው ነጠላ ጥሩ ምሳሌ ነው። ቅቤ የሚቀልጠው ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ነው። እንዲህ ያለውን ጨርቅ በ20 ወይም በ30 ዲግሪ ያጠበ ሰው ቅባቱን በደንብ አላሟሟውም፤ የተወሰነውን ከጨርቁ ወደ ማሽኑ አዛውሮታል። የልብስ ማለስለሻ ፈሳሽም እንዲሁ ሰም መሰል ቅባትነት ስላለው ከሳሙናው ቅሪት ጋር ተዋህዶ ግራጫና የሚያንሸራትት ልባጭ ይሠራል። ባክቴሪያና ሻጋታ የሚራቡት በዚህ ልባጭ ላይ ነው። የሚሸተውም እርሱ ነው።

ቀዝቃዛ እጥበት የበረከተው ያለ ምክንያት አይደለም። የኤሌክትሪክ ፍጆታን ለመቀነስ ሲባል የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣው ደንብ፣ ከ2013 መጨረሻ ጀምሮ በአባል አገሮቹ ገበያ የሚቀርቡ የቤት ማሽኖች የ20 ዲግሪ ፕሮግራም እንዲኖራቸው ግድ አድርጓል። ለኤሌክትሪክ ቁጠባ መልካም ነው። ነገር ግን ሁልጊዜ በቀዝቃዛ ብቻ የሚሠራ ማሽን ውስጡን የሚያጥብለት ሙቀት አያገኝም። ቁጠባው የሚሠራው በየጊዜው በአንድ የሙቅ ዙር ሲደገፍ ነው።

ሦስተኛው ብናኝ ነው። ጋቢ፣ ፎጣና ብርድ ልብስ ሲታጠቡ ብዙ የጥጥ ብናኝ ይለቃሉ። በኪስ የተረሳ ሳንቲም፣ የፀጉር ጌጥ፣ ቁልፍና የወረቀት ፍርፋሪ ተጨምሮበት የፍሳሽ ማጣሪያውን ይደፍናል።

ውኃው ይዞት የሚመጣ ዕዳ

የውኃ ጠባይ ከቦታ ቦታ ይለያያል። የድሬዳዋ ነዋሪ በበራዱ ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ቅርፊት ያውቀዋል። በአዲስ አበባም ከለገዳዲና ከገፈርሳ ግድቦች የሚመጣ ውኃ አለ፤ ከአቃቂ ጉድጓዶች የሚሳብ የከርሰ ምድር ውኃም አለ። በጥቅሉ የጉድጓድ ውኃ ከአለት ጋር የቆየ በመሆኑ ከግድብ ውኃ ይልቅ ማዕድን ይበዛበታል። በግቢው የራሱን ጉድጓድ ያስቆፈረ ሆቴል ወይም አፓርታማ ይህን ልብ ሊለው ይገባል።

በውኃው ውስጥ የሟሟው የካልሲየም ማዕድን ሲሞቅ ይረጋና በማሞቂያው ሬዚስታንስ ላይ ይጋገራል። ይህ የኖራ ቅርፊት ሙቀት በደንብ አያስተላልፍም። ስለዚህ ሬዚስታንሱ ውኃውን ለማሞቅ ረዘም ላለ ጊዜ ይሠራል፤ በራሱ ላይ የታፈነው ሙቀትም ቀስ በቀስ ይጎዳዋል። በመጨረሻ ይበጠሳል፤ ወይም ሽፋኑ ተሰንጥቆ ማሽኑ በበራ ቁጥር ቆጣሪ ይጥላል። ማወቂያው ቀላል ነው። በበራድዎ ውስጥ ነጭ ቅርፊት ካለ፣ በማሽንዎም ውስጥ አለ።

ሌላው የከተማችን ችግር የውኃ መቋረጥ ነው። በፈረቃ የሚመጣ ውኃ ሲለቀቅ የመጀመሪያው ዥረት ከመስመሩ ዝገትና ደለል ጠርጎ ይመጣል። በሮቶ ግርጌ የረጋው ጭቃም አለ። ይህ ሁሉ ማሽኑ ውኃ በሚቀበልበት ጎማ መግቢያ ላይ ባለችው ትንሽ ወንፊት ላይ ይከማቻል። ወንፊቷ ስትደፈን ማሽኑ ውኃ ለመሙላት ብዙ ይቆያል፤ አልፎም ስሕተት ጽፎ ይቆማል። ባለቤቱም «ማሽኑ ሞተ» ብሎ ቴክኒሻን ይጠራል። በፒንሳ ተስባ በጥርስ ብሩሽ ለምትጸዳ ወንፊት የጥሪና የእጅ ዋጋ ይከፈላል።

ቆሻሻው ወደ ገንዘብ ሲለወጥ

ቆሻሻው መሽተቱ ቢከፋም ትልቁ ጉዳት ሌላ ቦታ ነው። ከበሮው ከኋላው በሦስት ክንድ የብረት ድጋፍ ተይዞ ይሽከረከራል። በአብዛኞቹ ማሽኖች ይህ ድጋፍ የሚሠራው ከአልሙኒየም ቅይጥ ነው። የሳሙናው ልባጭ በክንዶቹ ላይ ተለጥፎ እርጥበት ይዞ ሲቆይ አልሙኒየሙን ይበላዋል። ዓመታት ሲያልፉ ክንዱ ይሰነጠቃል፤ ከበሮው ይዘማል፤ ጭመቃ ላይ ሲደርስ ማሽኑ እንደ ወፍጮ ቤት ይጮሃል። ውኃ የሚከላከለው ጎማ ከተጎዳም ውኃ ወደ ኩሽኔታው ይገባና ያዝገዋል።

ቀደም ባሉት ዘመናት የተሠሩ ማሽኖች በርሜላቸው በብሎን የሚፈታ ስለነበር ኩሽኔታ መቀየር የተለመደ ጥገና ነበር። በአሁኑ ጊዜ ግን በርካታ አምራቾች የውጭውን በርሜል በሙቀት ያጣብቁታል። ኩሽኔታው ሲበላሽ ሙሉው በርሜል ይቀየራል፤ ዋጋውም ወደ ማሽኑ ዋጋ ስለሚጠጋ ባለቤቱ ብዙውን ጊዜ ማሽኑን ለቆራሌው ይሸጣል። በሌላ አነጋገር የሚጠገነው ነገር እየጠበበ ሲሄድ ንጽሕና የመጠበቅ ጥቅም እየሰፋ ይሄዳል።

የፍሳሽ ፓምፑም እንዲሁ ነው። ማጣሪያው ሲደፈን ፓምፑ ያለ ውጤት ይለፋል፤ ይግላል፤ ይቃጠላል። ውኃ ያልወጣለት ማሽን ልብሱን አይጨምቅም፤ በዝናብ ወቅት ልብሱ ሳይደርቅ ሁለት ቀን ይውላል።

አሜሪካውያን ስምንት ዓመት የተከራከሩበት እድፍ

ነገሩ የቤት እመቤቶች ጉዳይ ብቻ አለመሆኑን ከአሜሪካው ገበያ መረዳት ይቻላል። ዊርልፑል የተባለው ታላቅ አምራች እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ ለገበያ ያቀረባቸው ከፊት የሚከፈቱ ማሽኖች በውስጣቸው እድፍና ሻጋታ ይይዛሉ፣ ይሸታሉም የሚሉ ገዥዎች በጅምላ ክስ መሠረቱ። ከ2008 ገደማ የጀመረው ሙግት ረጅም ጊዜ ወሰደ። በጥቅምት 2014 በኦሃዮ ግዛት ክሊቭላንድ ከተማ የተሰየመው የዳኞች ሸንጎ ለኩባንያው ፈረደ። ሆኖም ሌሎች ክሶች ገና ስላልተቋጩ ጉዳዩ በ2016 ከ2001 እስከ 2010 የተመረቱትን ማሽኖች በሚመለከት በስምምነት ተዘጋ።

የክርክሩ እምብርት «እድፉን ያመጣው የማሽኑ አሠራር ነው ወይስ የባለቤቱ አያያዝ?» የሚል ነበር። የሕግ መልሱ ምንም ይሁን ምን ለገበያው የተረፈው ትምህርት አንድ ነው። ከዚያ ወዲህ ከበሮ የማጽጃ ፕሮግራም በአዳዲስ ማሽኖች ላይ የተለመደ ሆኗል፤ መመሪያዎችም በየወሩ ወይም እንደ ሥሪቱ በየ30 እና በየ40 እጥበቱ ይህን ፕሮግራም ማስኬድ እንደሚገባ ይገልጻሉ። ይህን የማያደርግ ገዥ በዋስትና ጊዜ ውስጥ እንኳ ቢከራከር አቋሙ የላላ ይሆናል።

ምን መደረግ አለበት?

ሥራው ቀላል ነው። የሚከብደው ማስታወሱ ስለሆነ በጊዜ ከፍለን ብናየው ይሻላል።

በየእጥበቱ፦ ልብሱ እንዳለቀ ይውጣ፤ እርጥብ ልብስ ማሽን ውስጥ አይደር። የበሩ ጎማ እጥፋት በደረቅ ጨርቅ ይጠረግ፤ ጎማው በጣት ሳብ ተደርጎ ሥሩ ይታይ። ከዚያም በሩና የሳሙና መሳቢያው ገርበብ ብለው ይተው፤ አየር የሻጋታ ጠላት ነው። ትንንሽ ልጆች ባሉበት ቤት ግን ማሽኑ ያለበት ክፍል መዘጋት አለበት፤ ልጅ ወደ ከበሮ ሊገባ ይችላልና።

የሳሙናውንም መጠን መወሰን ያስፈልጋል። ለአውቶማቲክ ማሽን የተዘጋጀ ሳሙና ከሆነ፣ ለመካከለኛ እድፍ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ያህል በአብዛኛው በቂ ነው። የቤት ሠራተኛዋ ማሽኑን የምትጠቀም ከሆነ «በልክ አድርጊ» ብሎ መተው አይበቃም፤ አንድ ትንሽ ኩባያ ላይ ምልክት አድርጎ መስጠት ይገባል። ልኩን ያልነገሯትን ሠራተኛ በማሽኑ መበላሸት መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ነው።

በየወሩ፦ የሳሙና መሳቢያው ተመዝዞ በሙቅ ውኃና በብሩሽ ይታጠብ፤ መሳቢያው የሚገባበት ጓዳ ጣሪያም አይረሳ። ቀጥሎም ባዶውን ማሽን በከፍተኛ ሙቀት፣ ማለትም ከ60 እስከ 90 ዲግሪ ባለው ፕሮግራም ወይም ከበሮ የማጽጃ ፕሮግራም ካለው በእርሱ ማስኬድ ነው። በገበያ የሚሸጥ የማሽን ማጽጃ መጨመር ይቻላል። የተጨመረ ነገር ባይኖርም ሙቀቱ ብቻውን ብዙ ቅባት ያሟሟል።

በየሁለትና በየሦስት ወሩ፦ ማሽኑ ከሶኬት ተነቅሎ የፍሳሽ ማጣሪያው ይጽዳ። ማጣሪያው ብዙውን ጊዜ ከፊት በኩል ከግርጌ ባለች ትንሽ በር ጀርባ ይገኛል። መጀመሪያ ውኃው የሞቀ አለመሆኑን ማረጋገጥ፣ ከሥሩ ዝርግ ትሪና ጨርቅ ማድረግ፣ ከዚያም ማጣሪያውን ወደ ግራ ቀስ ብሎ መፍታት ነው። ብናኙና ሳንቲሙ ከወጣ በኋላ በሚገባ ካልተጠበቀ ቤቱን ውኃ ያጥለቀልቀዋል። በዚያው አጋጣሚ ቧንቧው ተዘግቶ የውኃ መቀበያዋ ወንፊት ትጽዳ። የውኃ ፈረቃ ባለበት ሰፈር ውኃ እንደተለቀቀ ወዲያው ማሽን ከማስነሳት ሌላ ቧንቧ ከፍቶ ውኃው እስኪጠራ መጠበቅ ወንፊቷን ያድናል። ሮቶውም በዓመት ሁለት ጊዜ ቢታጠብ ለማሽኑም ለቤተሰቡም ይበጃል።

የኖራ ቅርፊት ባለበት አካባቢ ሲትሪክ አሲድ የተባለው ዱቄት ይረዳል። የአምራቹ መመሪያ ከፈቀደ 100 ግራም ያህል ባዶ ከበሮ ውስጥ አድርጎ በ60 ዲግሪ አንድ ዙር ማስኬድ፣ ከዚያም በንጹሕ ውኃ ማለቅለቅ ነው። ይህ ሥራ በየሳምንቱ የሚደረግ አይደለም። በዓመት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ይበቃል።

ከላይ የሚከፈቱና ባለ ሁለት ጋን ማሽኖች ያሏቸው አንባቢያን ብናኝ የምትይዘዋን ትንሽ መረብ በየእጥበቱ ማጽዳት አለባቸው። ከእነዚህ ማሽኖች ብዙዎቹ የራሳቸው ማሞቂያ ስለሌላቸው በመመሪያቸው ከተፈቀደው የማያልፍ ሙቅ ውኃ ሞልቶ፣ ትንሽ አሽከርክሮ፣ አንድ ሰዓት ያህል አስቀምጦ ማፍሰስ ጥሩ ውጤት ይሰጣል። የፈላ ውኃ ግን የላስቲክ አካሉን ያጣምመዋል።

ሊደባለቁ የማይገባቸው

በየቤቱ የሚታወቁት ማጽጃዎች በረኪናና አቼቶ ናቸው። ሁለቱን በአንድ ጊዜ ማሽን ውስጥ መጨመር አደገኛ ነው፤ ሲገናኙ ክሎሪን የተባለ መርዛማ ጋዝ ይወጣል። በረኪናና ሲትሪክ አሲድም እንዲሁ ናቸው። በአንዱ የተጠቀመ ሰው ሌላውን ከመሞከሩ በፊት ማሽኑን በንጹሕ ውኃ ደጋግሞ ማስኬድ፣ የተሻለው ደግሞ በሌላ ቀን ማድረግ ነው።

በየብቻቸውም ቢሆን ልክ አላቸው። አቼቶ ሲደጋገም የጎማ ክፍሎችን ያደክማል። በረኪና ሲበዛ ብረቱንም ጎማውንም ይጎዳል። ለጎማው ጥቁር ነጠብጣብ በረኪና በውኃ ቀጥኖ በጨርቅ ተነክሮ ጥቂት ደቂቃ ቢቀመጥና ቢታጠብ በቂ ነው። ጓንት ማድረግና መስኮት መክፈትም አይረሳ።

ሒሳቡ ምን ይላል?

ነጋዴ አንባቢያችን «ይህ ሁሉ ድካም ያዋጣል ወይ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ለስሌት ያህል 60,000 ብር የወጣበት ማሽን እንውሰድ። አሥር ዓመት ካገለገለ የእርጅና ቅናሹ በዓመት 6,000 ብር ነው። በአያያዝ ጉድለት በአምስት ዓመት ከሞተ ግን በዓመት 12,000 ብር ይሆናል። ልዩነቱ በየዓመቱ 6,000 ብር ነው ማለት ነው።

የጥንቃቄው ወጪስ? አንድ የ90 ዲግሪ ባዶ ዙር 2 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይፈጃል እንበል። በዓመት 12 ጊዜ 24 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። የኤሌክትሪክ ታሪፍ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በአራት ዓመት ውስጥ በየሩብ ዓመቱ እንዲጨምር መወሰኑን አስበን፣ ለጥንቃቄ አንዱን ኪሎዋት ሰዓት በ10 ብር ብንይዘው 240 ብር ነው። ለማጽጃ በወር 150 ብር ቢመደብ 1,800 ብር ይጨመራል። ጠቅላላው 2,040 ብር ሆነ። ከ6,000 ብር ላይ ሲቀነስ 3,960 ብር ይተርፋል። በዚህ ሒሳብ ውስጥ የቴክኒሻን ክፍያ፣ የተበላሸ ልብስና በሁለተኛ እጥበት የሚባክን ውኃ አልተካተቱም።

እርግጥ ነው የማሽን ዕድሜ በንጽሕና ብቻ አይወሰንም። የኃይል መዋዠቅ፣ ያልተስተካከለ ወለል፣ ከልክ ያለፈ ጭነት ድርሻ አላቸው። በተለይ ውኃ የጠጣ ጋቢ ብቻውን ሲገባ በአንድ በኩል እየከበደ ከበሮውን ያናውጠዋል። ይሁን እንጂ ከእነዚህ ሁሉ በባለቤቱ እጅ ሙሉ በሙሉ ያለው፣ ወጪውም አነስተኛ የሆነው ንጽሕናው ነው።

ያገለገለ ማሽን ለሚገዛና ለሚያሻሽጥ

አዲሱ ሲወደድ ያገለገለው ተፈላጊ ይሆናል። «ከኤምባሲ የወጣ ነው»፣ «ሁለት ወር ብቻ የተሠራበት ነው» የሚሉ ቃላት በደላላ አፍ የተለመዱ ናቸው። ማሽን ግን ታሪኩን ራሱ ይናገራል። አሥር ደቂቃ የማይፈጅ ምርመራ ብዙ ሺህ ብር ያድናል።

አንደኛ፣ የበሩን ጎማ እጥፋት በጣት ከፍቶ ማየት ነው። ጥቁር ነጠብጣብ ጎማው ውስጥ ሰርጎ ከገባ አይለቅም፤ የጎማ መቀየሪያው ከዋጋው ላይ ይቀነስ። ሁለተኛ፣ የሳሙና መሳቢያውን መዝዞ ጓዳውን በእጅ ስልክ መብራት መመልከት። ሻጭ የከበሮውን ውስጥ ይወለውላል፤ ይህን ጓዳ ግን ይረሳዋል። ሦስተኛ፣ የፍሳሽ ማጣሪያውን ማስከፈት። እንቢ ብሎ የማይፈታ ከሆነ ለዓመታት አልተከፈተም ማለት ነው።

አራተኛ፣ ከበሮውን በእጅ ማሽከርከርና ማዳመጥ፤ ቀጥሎም ከላይ ጠርዙን ይዞ ወደ ላይና ወደ ታች መነቅነቅ። ከበሮው ከውጭው በርሜል ጋር አብሮ ቢንቀሳቀስ ጤነኛ ነው፤ ለብቻው ከላላ ወይም አሸዋ የሚፈጭ ድምፅ ካሰማ ኩሽኔታው ወይም ክንዱ ተጎድቷል። አምስተኛ፣ በ60 ዲግሪ አስነስቶ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ በኋላ የበሩን መስታወት በጥንቃቄ መዳሰስ። ካልሞቀ ሬዚስታንሱ አይሠራም ብሎ መጠርጠር ነው። ቆጣሪ ከጣለም ነገሩ አልቋል። ስድስተኛ፣ ሽታ። የማለስለሻ ጠረን ከመጠን በላይ የሚያውድ ማሽን ከምንም ከማይሸት ማሽን የበለጠ ሊያጠራጥር ይገባል።

ለሻጩም ምክር አለን። ማሽኑን ለገበያ ከማውጣቱ በፊት ሁለት የሙቅ ዙር፣ የጸዳ ማጣሪያና የታጠበ መሳቢያ ከደላላው አንደበት የበለጠ ያሻሽጣሉ። የግዥ ደረሰኝና መመሪያው ቢገኝ ደግሞ ገዥ አይከራከርም።

ለእንግዳ ማረፊያና ለአከራዮች

የእንግዳ ማረፊያ፣ የውበት ሳሎንና ዕቃ የተሟላለት ቤት የሚያከራዩ ባለሀብቶች ማሽናቸው በቀን ሁለትና ሦስት ጊዜ ሊሠራ ይችላል። ለእነርሱ በየወሩ የሚለው መለኪያ አይሠራም፤ እጥበት መቁጠር አለባቸው። በቀን ሦስት ጊዜ የሚያጥብ ድርጅት 30 እጥበት የሚሞላው በአሥር ቀን ነው። በማሽኑ ራስ ላይ አንድ ደብተር ተንጠልጥሎ እጥበቱ፣ የሙቅ ዙሩና ማጣሪያው የጸዳበት ቀን ቢመዘገብ፣ ኃላፊነቱም ለአንድ ሰው በስም ቢሰጥ ወጪው ከአንድ ደብተር አያልፍም። የሚሸት ፎጣ የቀረበለት እንግዳ ቅሬታውን ለባለቤቱ ሳይናገር ዳግመኛ ሳይመጣ ይቀራልና።

አከራዮችም በውሉ ላይ «ማሽኑን ማጽዳት የተከራዩ ግዴታ ነው» የሚል አንድ መስመር ቢጨምሩ፣ ቁልፍ ሲረከቡና ሲያስረክቡም ጎማውንና ማጣሪያውን በጋራ ቢያዩ ኋላ ከሚነሳ ጭቅጭቅ ይድናሉ።

ሳይቃጠል በቅጠል የሚለው ብሂል በዚህ ገበያ ላይ በትክክል ይሠራል። የምንዛሪው ተመን ወዴት እንደሚሄድ መወሰን በባለማሽኑ እጅ አይደለም። በሩን ገርበብ አድርጎ መተው፣ ሳሙና መመጠንና በወር አንድ ጊዜ ባዶውን ማሽን በሙቅ ውኃ ማስኬድ ግን በእጁ ነው።